የምዕራቡ በር ልጆች፦ የአስኮ ልጅነት ከነጻነት ማግስት እስከ ዛሬ

ከመርካቶ ተነስቶ በፓስተርና በዊንጌት አድርጎ ወደ ቡራዩ፣ ወደ ሆለታ፣ ወደ አምቦ የሚወጣ መንገደኛ ሁሉ አስኮን ያልፋል። አዲስ አበባ ወደ ምዕራብ የምትከፈተው በዚህ በር ነው። የወለጋ ቡና የጫነ መኪና፣ የአምቦ ውሃ ሣጥን የደረደረ ከባድ ተሽከርካሪ፣ እህልና ከሰል የተሸከሙ አህዮች ለአሥርት ዓመታት የገቡት በዚሁ ነው። ከእነሱ ጋር ሰውም ገብቷል፤ ሥራ ፈላጊው፣ ተማሪው፣ ከጦር ሜዳ የተመለሰው፣ አገር የጠበበው። ብዙው ወደ መሀል ከተማ ዘለቀ። የቀረው ባሕር ዛፍ ማግሮ፣ ጭቃ አቡክቶ፣ ቆርቆሮ ደፍቶ አስኮን ሠራ።

የእነዚያ ሰዎች ልጆች እንዴት አደጉ? ጥያቄው ትንሽ ይመስላል። ይሁን እንጂ የአንድ ሰፈር ታሪክ በአዋጅና በፋብሪካ ብቻ ተጽፎ አያልቅም። የአስኮ ሰው አንድ ቋንቋ፣ አንድ ሃይማኖት፣ አንድ የትውልድ አገር አልነበረውም። ከተለያየ አቅጣጫ፣ ብዙ ጊዜም በጦርነት ማግስት፣ እየተገፋ የመጣ ነው። እንዲህ ያለውን ሕዝብ ጎረቤት ያደረገው ምንድን ነው ብሎ የሚጠይቅ ሰው መልሱን የሚያገኘው በውሃ ወረፋ፣ በትምህርት ቤት መንገድና በኳስ ሜዳ ላይ ነው። ወላጆች የተዋወቁት ልጆቻቸው አስቀድመው ስለተዋወቁ ነው። ይህ ቅኝት ይህንን እውነት በየዘመኑ ይከተላል።

መንገዱ ከሰፈሩ ይቀድማል

አገሩ ከተማው ከመምጣቱ በፊት ባዶ አልነበረም። የጉለሌ ኦሮሞዎች ከብት የሚያሰማሩበትና የሚያርሱት ምድር ነበር። በ1890ዎቹ መጀመሪያ ዳግማዊ ምኒልክ በአዲስ አበባ ዙሪያ ያለው እንጨት ማለቁን ሲያዩ መናገሻቸውን ወደ ምዕራብ፣ ወደ አዲስ ዓለም፣ ለማዛወር አሰቡ። በዚያው ዘመን ከውጭ የመጣው ባሕር ዛፍ ቶሎ እያደገ የማገዶውን ችግር ሲያቃልለው ከተማዋ ከቦታዋ ሳትነሳ ቀረች። ወደ አዲስ ዓለም የታቀደው መንገድ ግን ተሠራ፤ አገሪቱ ካሠራቻቸው የመጀመሪያዎቹ ዘመናዊ መንገዶች አንዱም ሆነ። አርመናዊው ነጋዴ ሰርኪስ ተርዚያን ለመንገድ ሥራ ያስመጣው የእንፋሎት መዳመጫ በሕዝቡ አፍ “የሰርኪስ ባቡር” እየተባለ የተወራውም በእነዚያ ዓመታት ነው።

እንግዲህ የአስኮ ልጅነት ከመነሻው የመንገድ ዳር ልጅነት ነው። ከኋላ የእንጦጦ ሰንሰለት ምዕራባዊ ክንፍና የባሕር ዛፉ ደን አለ፤ ከፊት ወደ ከተማ የሚጎርፈው ሰውና ጭነት። ልጁ ጠዋት ጥጃ ይዞ ወደ መስኩ ይወጣል፤ ከሰዓት በኋላ መንገድ ዳር ቆሞ የሚያልፈውን መኪና ይቆጥራል። ሁለቱንም ዓለም ያውቃል። መሀል ከተማ ያደገ ልጅ ላሟን በሥዕል ሲያያት የአስኮ ልጅ በስሟ ይጠራት ነበር።

ከነጻነት ማግስት

የአዲስ አበባ ምዕራብ እንዲህ በሰው የሞላው በራሱ ጊዜ ብቻ አይደለም። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ከተማዋን የያዘው የፋሺስት ጦር ነጩንና ጥቁሩን ለይቶ የሚያሰፍር ፕላን ይዞ ነበር። አራዳ ጊዮርጊስ ዙሪያ የነበረው ትልቁ ገበያ ተነስቶ ዛሬ መርካቶ ወደምንለው ቦታ ተዛወረ፤ “የአገሬው ሰው” ሰፈርም ወደዚያው ወደ ምዕራብ እንዲገፋ ተደረገ። ፕላኑ ከግቡ ሳይደርስ ወራሪው ተባረረ፤ ገበያው ግን በአዲሱ ቦታው ጸና። ከገበያው ጀርባ አዲስ ከተማ፣ ኮልፌና ጉለሌ እየተሞሉ ሄዱ። አስኮ የዚያ ማዕበል የመጨረሻው ጠርዝ ነበረች።

ንጉሠ ነገሥቱ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከተማዋ በተያዘች በአምስተኛ ዓመቷ፣ በዚያው ቀን፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ ሲገቡ አብረዋቸው ከመጡት የጦር መሪዎች አንዱ እንግሊዛዊው ኦርድ ዊንጌት ነበር። ዊንጌት ከሦስት ዓመት በኋላ በሩቅ ምሥራቅ ጦር ግንባር በአውሮፕላን አደጋ ሞተ። ስሙን የያዘው የጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት ነጻነት ከተመለሰ ከአምስት ዓመት በኋላ በዚሁ በምዕራቡ መንገድ ላይ ተከፈተ። ከየጠቅላይ ግዛቱ የተመረጡ ልጆች በአዳሪነት የሚማሩበት፣ እንግሊዛውያን መምህራን የሚያስተምሩበት ትልቅ ትምህርት ቤት ሆነ። በኋላ አገር የመሩት መለስ ዜናዊ ትምህርታቸውን ያጠናቀቁት በ1964 ዓ.ም. ከዚያው ነው። ከዊንጌት ብዙም ሳይርቅ የፓስተር የምርምር ተቋም ቆመ፤ የክትባትና የላቦራቶሪ ሥራ የተጀመረበት ያ ተቋም ዛሬ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ለምንለው ድርጅት መሠረት ሆነ። ከዚያም ለድሃው ሕክምና ታስቦ የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ተሠራ።

ለአስኮ ልጅ እነዚህ ሁሉ በእግር መንገድ ላይ ያሉ ነገሮች ነበሩ። የዊንጌት ተማሪ ዩኒፎርሙን ለብሶ ሲያልፍ ማየት የነገን ኑሮ ማየት ነበር። የመጀመሪያው ትምህርት ግን ከቤት አጠገብ፣ ከቄሱ ዘንድ ነው። ልጆች በድንጋይ ላይ ተቀምጠው፣ ፊደል ገበታ ይዘው፣ በስንጥር እየጠቆሙ ሀ ግእዝ፣ ሁ ካዕብ ይላሉ። ከእነሱ መሀል አባቱ በዱር በገደል አምስት ዓመት የታገለ አለ፤ አባቱ ለጣሊያን አድሮ ነበር እየተባለ የሚወራበትም አለ። “ባንዳ” የሚለው ቃል በአዋቂዎች ጠብ መሀል እንደ ጦር ይወረወር በነበረበት ጊዜ የሁለቱ ልጆች በአንድ ፊደል ገበታ ላይ አንገት ለአንገት ተቃቅፈው ይማሩ ነበር። ቂም እንዲያልፍ ማንም አላዘዛቸውም፤ የአንዱ ስንጥር ሲሰበር ሌላው ያውሰዋል። ከነጻነት በኋላ የመጣው ሰላም በአዋጅ ተነገረ፤ ሥር የያዘው ግን እንዲህ ባለ ቦታ ነው።

በ1930ዎቹ ከቡራዩ አልፎ የተገነባው የገፈርሳ ግድብም የዚያ ዘመን ልጅ ነው። ውሃው በዚሁ አቅጣጫ ወደ ከተማው ይወርዳል። በየቤቱ የቧንቧ ውሃ የገባው ግን እጅግ ዘግይቶ ስለሆነ የሰፈሩ ሕይወት ለረጅም ጊዜ በቦኖ ውሃ ዙሪያ ተሽከረከረ። ወረፋው ሳይነጋ ይያዛል። እናት እንስራዋን፣ በኋላም ጀሪካኗን፣ ታስቀምጥና ልጅ ትወክላለች። ልጁ የሚጠብቀው የራሱን ብቻ አይደለም፤ የታመሙትን እማማን፣ አራስ ያለችበትን ጎረቤትም ተራ ይይዛል። የማን እንስራ ከማን በኋላ እንደሆነ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ጉራጌኛው፣ ኦሮምኛው፣ አማርኛው፣ ትግርኛው በአንድ ላይ የሚሰማው እዚያ ነው። ብዙ የአስኮ ልጅ ሁለተኛ ቋንቋውን የለመደው ውሃ ሲጠብቅ ነው።

የፋብሪካው ሰፈር

ከ1940ዎቹ ወዲህ የአስኮ ስም ከፋብሪካ ጋር ተያይዞ ይነሳል። በዚህ መስመር የጫማ ሥራ ተስፋፋ፤ ኋላም የአዲስ አበባ ጠርሙስና ብርጭቆ ፋብሪካ ቆመ። ዛሬም “ብርጭቆ ፋብሪካ” ሲባል ታክሲው የት እንደሚያወርድ ሁሉም ያውቃል። ፋብሪካው ደመወዝ አመጣ፤ ደመወዙ ኪራይ ቤት አመጣ፤ ኪራይ ቤቱ ልጆች የሞሉበት ጊቢ አመጣ። በአንድ ጊቢ ውስጥ አምስት ስድስት ቤተሰብ አንድ ሽንት ቤትና አንድ መታጠቢያ እየተጋራ ይኖራል። ሠራተኛው በፈረቃ ሲገባና ሲወጣ ልጁን የሚጠብቁት ጎረቤቶች ናቸው። “እትዬ” የሚባሉት ሴት ለጊቢው ልጅ ሁሉ እናት ናቸው፤ ካጠፋ ይቆነጥጡታል፤ ከራበው ያጎርሱታል። “ጋሼ” የሚባሉት ከፋብሪካ ሲመለሱ ደስታ ከረሜላ ያከፋፍላሉ። ልጅ የአባቱ ብቻ አልነበረም።

የጫማ ፋብሪካ ባለበት ሰፈር ብዙው ልጅ በባዶ እግሩ ይሄድ ነበር። የተሻለው ከመኪና ጎማ የተሠራ በረባሶ፣ ወይም የላስቲክ ኮንጎ ያደርጋል። ቆዳ ጫማ የበዓል ነው፤ ከታላቅ ወደ ታናሽ እየወረደ፣ ከፊቱ ጨርቅ እየተጠቀጠቀበት፣ ቁጥሩ ለሦስት ልጅ ይበቃል። አባቱ ቀኑን ሙሉ የሌላ ሰው ጫማ ሲሰፋ ውሎ የልጁን እግር እሾህ ሲያወጣ የሚያመሽበት ቤት ነበር። ይህንን ያየ ልጅ የሥራ ክብርንና የኑሮ ልዩነትን ከመጽሐፍ በፊት ያውቃል።

ጨዋታው የሚሠራው ከተገኘው ነገር ነው። ኳሱን እንውሰድ። መጀመሪያ የተቀደደ ካልሲ ይፈለጋል፤ ካልሲው ከታላቅ ወንድም ሳጥን ቢሰረቅ ቅጣቱ የታወቀ ነው። በውስጡ አሮጌ ጨርቅ ይጠቀጠቃል፤ ጨርቁ በደንብ ካልተጠቀለለ ኳሱ ይጣመማል፣ አይነጥርም። ካልሲው አፉ ይታሰራል፤ ይገለበጣል፤ እንደገና ይታሰራል። ከዚያ በሲባጎ ዙሪያውን እንደ መረብ ይጠመጠማል። ክረምት ከሆነ ውሃ እንዳይመጥ ፌስታል ይጨመርበታል። አንዱ ልጅ በዚህ ሙያ የተካነ ይሆናል፤ ጨዋታ ባይችል እንኳ ለሠራው ኳስ ሲባል ቡድን ውስጥ ይገባል። የሰፈር ለሰፈር ግጥሚያ ሲመጣ ሽልማቱ ለስላሳ ነው። ጎሉ ሁለት ድንጋይ ነው። ዳኛው ከሁለቱም ወገን የሚፈራ ትልቅ ልጅ ነው።

ብይ የሚጫወተው ጉድጓድ ይቆፍራል፤ ቆርኪ የሚሰበስበው የአምቦ ውሃና የለስላሳ መኪና ሲያልፍ ዓይኑን አይነቅልም። ሴቶቹ ልጆች ሱዚ ይዘላሉ፣ ሰኞ ማክሰኞ ያሰምራሉ፣ በጠጠር ቅልብልቦሽ ይጫወታሉ። እቃ እቃ ሲጫወቱ የጭቃ ወጥ ይሠራሉ፤ ሠርግ ይደግሳሉ፤ እድር አቋቁመው ለቅሶም ይደርሳሉ። የአዋቂው ሥርዓት ሁሉ በልጆች ጨዋታ ውስጥ አስቀድሞ ይለመድ ነበር።

ክረምቱ ደግሞ የራሱ ዓለም ነው። በሐምሌ ትምህርት ቤት ይዘጋል፤ ጭቃው ጉልበት ይደርሳል፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ሰው ለሰው አይሰማማም። በነሐሴ 13፣ በቡሄ፣ ወንዶቹ ዱላቸውን ይዘው ሆያ ሆዬ እያሉ በየደጁ ይዞራሉ፤ ጅራፉ ይጮኻል፤ ሙልሙሉ ይታደላል፤ ማታ ችቦ ይበራል። በእንቁጣጣሽ ሴቶቹ ልጆች ከእንጦጦ ሥር ከመስኩ አደይ አበባ ይቀጥፋሉ፤ ወንዶቹ በቀለም የሣሉትን ሥዕል ለጎረቤት ያድላሉ። ኮልፌ ሰፊ የሙስሊም ማኅበረሰብ ያለበት አካባቢ ስለሆነ የኢድ ቀን የክርስቲያኑም ልጅ አዲስ ልብሱን ለብሶ ይወጣ ነበር፤ ፋሲካ ሲመጣ የሙስሊሙ ልጅ ድፎ ዳቦውን ይጠብቃል። ሥጋው ይለያያል፤ ደጁ አይለያይም።

የሩቁ ዓለምም ወደ ጠርዙ ይደርስ ነበር። በ1952 ዓ.ም. አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ማራቶን ሲያሸንፍ ባዶ እግር የሚሮጠው ልጅ ሁሉ ኩራት ተሰማው። በ1954 ዓ.ም. ብሔራዊው የእግር ኳስ ቡድን የአፍሪካን ዋንጫ ወሰደ። በዚያው ዓመት ኔልሰን ማንዴላ በኮልፌ የፖሊስ ማሠልጠኛ ለጥቂት ሳምንታት ወታደራዊ ትምህርት ወሰዱ፤ አንድ ቀን የደቡብ አፍሪካ ፕሬዚዳንት የሚሆኑት ሰው የኮልፌን አቧራ እንደረገጡ ያወቀ ልጅ በጊዜው አልነበረም። በ1957 ዓ.ም. ቴሌቪዥን ሲጀመር ተስፋዬ ሣህሉ፣ በኮሪያ የዘመቱት ሰው፣ “አባባ ተስፋዬ” ሆነው በልጆች ፊት ቀረቡ፤ ከ40 ዓመት በላይም ተረት አወሩ። በጦርነት ያለፈ አንድ አዋቂ ቀሪ ዕድሜውን ለልጆች ጨዋታ መስጠቱ ራሱ የዚያ ዘመን ትልቅ ትምህርት ነው። ቴሌቪዥን ያለው ቤት ጥቂት ስለነበረ ቅዳሜና እሑድ የአንዱ ሳሎን የሰፈሩ ሲኒማ ቤት ይሆን ነበር።

አብዮትና ቀበሌ

አብዮቱን ተከትሎ በጥር 1967 ዓ.ም. ትልልቆቹ ፋብሪካዎች በመንግሥት ተወረሱ። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። አነስተኛ ኪራይ ከ15 እስከ 50 በመቶ ተቀነሰ፤ ከ100 ብር በታች የሚከራየው ቤት ለቀበሌ ተሰጠ። ለአስኮ ተከራይ ይህ ትልቅ እፎይታ ነበር፤ ከቤት አስወጣሃለሁ የሚል ባለቤት ቀረ። ቤቱን የሚጠግንም አብሮ ቀረና የያኔው ጭቃ ቤት ከዓመት ዓመት እያዘመመ ሄደ። አዲስ አበባ በ25 ከፍተኛና በየቀበሌው ተሸነሸነች፤ ልጁም ማንነቱን በቁጥር ይናገር ጀመር፤ የዚህ ቀበሌ ልጅ፣ የዚያ ቀበሌ ቡድን።

ቀበሌው ለልጆች ሁለት ፊት ነበረው። አንዱ ፊት አዳራሹ ነው፤ የኪነት ቡድኑ ይለማመድበታል፣ ከበሮውና ጊታሩ ይሰማል፣ ቴሌቪዥኑን ሁሉም ያያል። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር በዚያው አዳራሽ እናቶች ከልጆቻቸው ጋር ደብተር ይዘው ተቀመጡ። ማንበብ የለመደች እናት ማታ ልጇን የቤት ሥራ ስትጠይቅ ቤቱ ውስጥ አንድ ነገር ተለወጠ። ሌላው ፊት በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. የታየው ነው። በቀይ ሽብር ዘመን ሌሊት ይፈተሻል፤ ወጣት ይወሰዳል፤ በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ላይ ማለዳ ሬሳ ወድቆ ይታያል። ወደ ትምህርት ቤት ሲሄድ ያየውን ማታ ለእናቱ ያልነገረ ልጅ ብዙ ነው። እናቲቱም አላየህም ወይ ብላ አልጠየቀችም። በዚያ ትውልድ ዘንድ ዝምታ የማደግ አንዱ ክፍል ሆነ።

ስኳሩ፣ ዘይቱ፣ ሳሙናው በቀበሌው የሸማቾች ሱቅ በኩፖን ይታደላል። ወረፋውን የሚይዘው እንደ ልማዱ ልጅ ነው። በ1975 ዓ.ም. የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ሲወጣ ደግሞ ከ18 እስከ 30 ዓመት የሆነው ወንድ ሁሉ ተፈላጊ ሆነ፤ አፈሳው ሲመጣ ዕድሜ የሚጠይቅ ሁልጊዜ አልነበረም። ትናንት ኳስ ሜዳ ላይ ዳኛ የነበረው ትልቅ ልጅ ዛሬ የለም። ቆርቆሮ ሥር፣ ምድጃ ጓዳ፣ ዘመድ ቤት የተደበቀም አለ። ታናናሾቹ ማንን የት እንዳስቀመጡ ያውቃሉ፤ ለማንም አይናገሩም። በቦኖው ወረፋ የሌላውን ተራ መጠበቅ የለመደ ልጅ በዚህ ጊዜ የሌላውን ሕይወት ጠበቀ።

የኋለኞቹ ማግስቶች

ግንቦት 20 ቀን 1983 ዓ.ም. ጦርነቱ በአዲስ አበባ አበቃ። የተበተነው ሠራዊት በየመንገዱ በእግሩ ተመለሰ። ከኤርትራ የተፈናቀሉ የወታደር ቤተሰቦች በከተማዋ ዙሪያ በድንኳንና በላስቲክ ቤት ሰፈሩ። በአሥመራ ተወልዶ፣ ትግርኛና አማርኛ ቀላቅሎ የሚናገር፣ ባሕር ያየ ልጅ በየሰፈሩ ብቅ አለ። የሰፈሩ ልጆች መጀመሪያ ያዩት በጥርጣሬ ነው። ኋላ ግን ስለ ምጽዋ ሲነግራቸው ማዕበል ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ብቸኛው ሰው ሆነ። ኳስ ሲጫወት ደግሞ ጎበዝ ከሆነ ጉዳዩ አለቀ። እናቱ እንጀራ ጋግራ መሸጥ ስትጀምር የመጀመሪያ ደንበኞቿ የልጇ ጓደኞች እናቶች ናቸው።

ሰላሙ ሰባት ዓመት ብቻ ቆየ። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር የተነሳው ጦርነት ልጆችን በቀጥታ መታ፤ ግንቦት 28 ቀን የመቀሌው አይደር ትምህርት ቤት በአውሮፕላን ሲደበደብ የሞቱት ልጆች የመላው አገር ሐዘን ሆኑ። በቀጣዩ ወር የኤርትራ ተወላጅ የተባሉ ቤተሰቦችን ከአገር ማስወጣት ተጀመረ፤ ቁጥራቸው በአሥር ሺዎች ነው። በአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች በአንዳንድ ዴስክ ላይ ከሚቀመጡት ሦስት ልጆች አንዱ ከክረምት በኋላ ሳይመለስ ቀረ። መምህሩ ስም ሲጠሩ ክፍሉ ዝም ይላል። ለዚያ ትውልድ ጦርነት ማለት በካርታ ላይ ያለ ባድመ ብቻ አይደለም፤ የጎደለ ወንበርም ነው። ከሃያ ዓመት በኋላ፣ በሐምሌ 2010 ዓ.ም.፣ አውሮፕላን ከአዲስ አበባ ወደ አሥመራ ዳግም ሲበር ብዙ ጎልማሳ ስልክ አንስቶ የልጅነት ጓደኛውን ፈለገ። ሃያ ዓመት ያልፈታው ክር በአንድ ሰፈር አብሮ ማደግ ነበር።

በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩ በደረሰው ጥቃት ብዙ ሰው ሞተ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ፣ አብዛኞቹ ከጋሞና ከሌሎች የደቡብ አካባቢዎች የመጡ፣ ሸማኔዎቹንም ጨምሮ፣ በዚሁ በአስኮ መንገድ ወደ ከተማው ገቡ። በትምህርት ቤቶች ተጠለሉ። ነዋሪው እንጀራውን፣ ብርድ ልብሱን፣ የልጆቹን ልብስ ይዞ ወጣ። ከዚያ ጥቅምት 2013 ዓ.ም. በሰሜን ጦርነት ተነሳና በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ስምምነት እስኪቆም ሁለት ዓመት ፈጀ። ዛሬ አስኮ ውስጥ አንደኛ ደረጃ የሚማረው ልጅ እንደ አያቱ እንደ አባቱ ሁሉ የጦርነት ማግስት ልጅ ነው። ይህ ተደጋጋሚነት ሊያስደነግጠን ይገባል።

ሜዳው የት ሄደ?

በ1976 ዓ.ም. በተደረገው ቆጠራ አዲስ አበባ 1.4 ሚሊዮን ያህል ሰው ነበራት፤ በ1987 ዓ.ም. 2.1 ሚሊዮን፤ በ1999 ዓ.ም. 2.7 ሚሊዮን። በዚህ የመጨረሻ ቆጠራ ኮልፌ ቀራኒዮ ከ4 መቶ ሺህ በላይ ነዋሪ ይዞ ከክፍለ ከተሞቹ ሁሉ ብዙ ሰው ያለበት ሆነ። በአንድ ወቅት የከተማ ጠርዝ የነበረው አስኮ ከቡራዩ ጋር ተጋጥሟል። ቀለበት መንገዱ ኮልፌን ሰንጥቆ አለፈ፤ አስኮ የምዕራብ ተጓዦች መናኸሪያ ሆነ፤ ኮንዶሚኒየም ተሠራ፤ ጭቃ ቤት በብሎኬት ተተካ። ውሃና መብራት ወደ ቤት ገባ። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ውሃ ለመቅዳት ከሌሊቱ አሥር ሰዓት የሚነሳ ልጅ እንዲኖር የሚመኝ ጤነኛ ሰው የለም።

የጠፋው ነገር ሌላ ነው። ትንሹ አቃቂ ወንዝና ገባሮቹ የፋብሪካና የቤት ፍሳሽ ተሸካሚ ሆነው ልጅ የማይዋኝባቸው ሆኑ። መስኩ በቦታ ባለይዞታዎች ታጠረ። ኳስ ሜዳ የነበረው ቦታ አንዱ መጋዘን፣ ሌላው የመኪና ማቆሚያ ሆነ። በጉለሌና በኮልፌ ቀራኒዮ መካከል ከ700 ሄክታር በላይ የሚሸፍነው የጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል መቋቋሙ ትልቅ ተስፋ ነው፤ በከተማዋ የኮሪደር ልማት የልጆች መጫወቻ ቦታዎች መሠራታቸውም እንዲሁ። ሆኖም ሰፈርን ሰፈር የሚያደርገው በበዓል ቀን የሚጎበኝ መናፈሻ ብቻ አይደለም። ከቤት ወጥቶ፣ እናት በመስኮት እያየች፣ ልጅ ከማያውቀው ልጅ ጋር በየቀኑ የሚገናኝበት ጠጠር ያለበት ሜዳ ነው።

ይህ የትዝታ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ባለፉት ሰማንያ ዓመታት ወደ አስኮ የመጣው ሰው ሁሉ ያመጣው ቁስል ነበረው፤ የአርበኛው፣ የባንዳው፣ የተፈናቃዩ፣ የተባራሪው፣ የሸማኔው። መንግሥታት ተለዋውጠዋል፤ የሰጡት ስያሜም ተለዋውጧል። ያልተለወጠው ልጆቹ በአንድ ቦታ መገናኘታቸው ነው። እድሩ የተቋቋመው፣ ዕቁቡ የተጀመረው፣ ድግሱ በጋራ የተደገሰው ልጆቹ ከተጎራበቱ በኋላ ነው። ዛሬ በየብሎኩ፣ በየበሩ፣ በየስልኩ ተዘግቶ የሚያድገው ልጅ ከማን ጋር ቂምን መርሳት ይማራል?

ስለዚህ ሁለት ነገር መደረግ አለበት። አንደኛው የከተማ ፕላን የሚያወጣ ባለሥልጣን ሁሉ ቤት ከመቁጠሩ በፊት ሜዳ እንዲቆጥር ነው፤ በየወረዳው የተረፈው ባዶ ቦታ በካርታ ላይ ለልጆች ተብሎ ይመዝገብ፤ አይሸጥ፤ አይታጠር። ሁለተኛው ትምህርት ቤቶቹ ተማሪዎቻቸውን ወደ አያቶቻቸው እንዲልኩ ነው። የቦኖው ወረፋ፣ የካልሲው ኳስ፣ ከዴስኩ የጠፋው ጓደኛ፣ የቡራዩ መፈናቀል በልጆች እጅ ተጽፎ በየትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ይቀመጥ። ይህንን ለመሥራት ዕድሜያቸው ከሰማንያ ያለፈ ሰዎች ዛሬም በአስኮ አሉ፤ ነገ ግን አይኖሩም። ልጆች አብረው የሚያድጉበትን ቦታ መጠበቅ አገርን ከሚቀጥለው ጦርነት የመጠበቅ ሥራ ነው፤ ወጪውም ከየትኛውም የሰላም ስምምነት ያነሰ ነው።